የጾም ማንኪያ

ማንኪያው መጉደሉን ያየሁት ረቡዕ ጠዋት ነው፤ ልጄ ላቀው ከደባርቅ ወደ ስሜን ተራራው የጨነቅ ካምፕ ለሥራ ከወጣ አንድ ቀን ሙሉ፣ በዚያ የሚያልፈው የዕለቱ የጃናሞራ አውቶብስ ከሄደም አንድ ሰዓት ካለፈ በኋላ።

የኅዳር ጾም ሲገባ ዕቃዬን እለያለሁ። ቅቤና ሥጋ የነካው ሁሉ ታጥቦ፣ በጨርቅ ተጠቅልሎ ላይኛው መደርደሪያ ላይ ይወጣል። ታች የሚቀሩት የጾሙ ድስት፣ የጾሙ ጭልፋና ስድስት ማንኪያዎች ናቸው። ማክሰኞ ማታ አጥቤ ስደረድራቸው አልቆጠርኩም። ረቡዕ ስቆጥር አምስት ሆኑብኝ። ከመደርደሪያው ሥር ፈለግሁ፤ ሳፋውን ገለበጥሁ፤ የቆሻሻውን ባልዲ ጓሮ ወስጄ ደፋሁት። አምስት ናቸው።

ማንኪያ ቢጠፋ ሌላ ሰው ጎረቤት ይጠይቃል፤ ካላገኘም ይተወዋል። እኔ እዚያው ጓሮ፣ ከደፋሁት ቆሻሻ አጠገብ ቁጭ አልኩ። ከዓመት በፊት የላቀውን ፍራሽ ሳነሣ ከሥሩ ማንኪያ አግኝቼ ነበር። ከላይ ነጭ ነው፤ ሲገለበጥ ታችኛው ጎኑ እንደ ድስት ቂጥ ጠቁሯል። ሄሮይን ማንኪያ ላይ አድርገው ከሥሩ እሳት ይለኩሱበታል፤ ልጄ ወደዚያ መመለሱን የነገረኝ እሱ ሳይሆን ያ ማንኪያ ነው።

ላቀው ኩክ ነው፤ ተራራ ለሚወጡ ቱሪስቶች የሚያበስለውን ሰው እዚህ እንዲያ ነው የምንለው። በኮሮናው ጊዜ ቱሪስት ጠፋ። ተከትሎ ጦርነቱ መጣ። ከጓደኞቹ ጋር በሞያሌ አድርጎ ኬንያ ገባና ሞምባሳ አንድ ሆቴል ኩሽና ውስጥ ሥራ አገኘ። ከማለዳ እስከ እኩለ ሌሊት ቆሞ ነው የሚሠራው፤ ወገቡን ያመዋል፤ እንቅልፍ የለውም። አብሮት የሚያድር ልጅ፣ እነሱ ዱቄት የሚሉትን ነገር፣ ለወገቡ ብሎ ሰጠው። በስልክ «እማ፣ ሥራው ለመደኝ፣ ድካሙም ተወኝ» ያለኝ በዚያ ሰሞን ነበር። እኔም እግዚአብሔርን አመስግኜ ነበር።

ሲመለስ አጥንቱ ብቻ ነበር የመጣው። አዲስ አበባ ሆስፒታል አስገብቼ አሳከምኩት፤ ድኖ መጣ። ከዚያ በኋላ ያደረግሁትን ዛሬ ሳስበው ያመኛል። ለጎረቤት ሁሉ ታይፎይድ ነው አልኩ። እንዳያወጣጡት ብዬ ማንም እንዳይጠይቀው አደረግሁ። እኔ ትምህርት ቤት፣ መጻሕፍት ክፍል ስውል እሱ ብቻውን ግድግዳ ሲያይ ይውላል። ስመለስ ኪሱን እበረብራለሁ፤ ሸሚዙን አሸታለሁ። ሥራ የለውም፤ ከኔ በቀር የሚያናግረው ሰው የለውም፤ እኔም የማናግረው እንደ መርማሪ ነበር። በአራተኛው ወር ከሞምባሳ የሚያውቀው አንድ ልጅ ከአዲስ አበባ ደወለለት። ላቀው መታወቂያ ላሳድስ ጎንደር ልሂድ አለኝና ሦስት ሳምንት ቀረ። ማንኪያውን ያገኘሁት ከዚያ ሲመለስ ነው።

ሁለተኛ ጊዜ ሲታከም የምታማክረው ሲስተር ጥበብ እኔንም ለብቻዬ አስቀምጣ አናገረችኝ።

«ሕመሙ ከሰውነቱ ይወጣል፤ ይሄ ቀላሉ ነው» አለችኝ። «ባዶ ቀን፣ የድሮ ጓደኛ፣ ሕመም፣ ሐፍረት፣ ይሄ ሁሉ ግን ውጭ ቆሞ ይጠብቀዋል። ደግሞ አንድ ነገር ልንገርሽ። ብዙ ወር ቆይቶ ቢመለስበት ሰውነቱ መቋቋሙን ረስቷል፤ እሱ ግን ይወስደው የነበረውን ያህል ነው የሚወስደው። ያኔ ትንፋሹ ሊቆም ይችላል።»

ከተወው ዘጠኝ ወር ሆኖታል፤ ወደ ኩክነቱም ተመልሷል። እኔ ከዚያ ሁሉ ምክር የያዝኩት የመጨረሻውን ነው።

ጓሮ እንደተቀመጥኩ ደወልኩለት። «የደወሉላቸውን ደንበኛ አሁን ማግኘት አይችሉም» አለኝ የስልኩ ድምፅ። ጨነቅ ኔትወርክ እንደሌለ አውቃለሁ፤ ቢሆንም እስከ ቀትር ድረስ አሥር ጊዜ ደወልኩ። ከዚያ ለሲስተር ጥበብ ደወልኩ።

«ማንኪያ ብቻ?» አለችኝ።

«ማንኪያ ብቻ።»

«ወይዘሮ ሸጊቱ፣ ሥራው ላይ ሄደሽ በሰው ፊት ብትፈትሺው ምን እንደሚሆን አስበሽዋል? ሥራውን ያጣል። ሰዎቹ ያውቃሉ። ለመመለስ ሌላ ምን ምክንያት ያስፈልገዋል?»

«ካልሄድኩና እዚያ ቢሞትስ?»

«እንግዲያው እናቱ ሆነሽ ሂጂ፤ ፖሊስ ሆነሽ እንዳትሄጂ» አለችኝ።

ያን ዕለት ገብስ ቆልቼ በሶ አስፈጨሁ። በሶ ላደርስለት ነው የመጣሁት እላለሁ። ልጄ እንደማያምነኝ ግን አውቃለሁ፤ ለአራት ቀን ሥራ የወጣን ሰው በሶ ተከትሎት አይሄድም። ሌሊቱን ሙሉ የመጣብኝን አልጽፈውም። አንዴ ድንኳን ውስጥ ቀዝቅዞ ያገኙታል፤ አንዴ ገደል ሥር። ምን ለብሶ እንደሚቀበር እንኳ አሰብኩ።

ሐሙስ አውቶብሱ ላይ የተቀመጥኩት ከጎረቤቴ ከየትናየት አጠገብ ነው። መንገድ ላይ ቡይት ራስ ላሉት የቱሪስት ሎጆች ሽንኩርትና ድንች ታቀርባለች። ሾፌሩ ምስክር ድሮ ከመጻሕፍት ክፍሌ መጽሐፍ ተውሶ ያልመለሰ ልጅ ነው።

«እትዬ ሸጊቱ፣ ጭላዳ ሊያዩ ነው?» አለኝ በመስታወቱ እያየኝ። «ለአገር ሰው ቅናሽ አለው።»

«መጽሐፌን መልስ!»

«እያነበብኩት ነው እኮ! ዘጠኝ ዓመት ምን አላት?»

ሰው ሳቀ። የትናየት አልሳቀችም፤ በሶዬን ጣቷን ሰዳ ነካ ነካ አደረገችው።

«ለላቀው ነው?»

«ለእሱ ነው።»

«ታይፎይዱ ለቀቀው?»

«ለቆታል፤ ተመስገን።»

«ጉደኛ ታይፎይድ ነው። የኔ ልጅ በአሥር ቀን ነው የተነሣው። ያንቺ ሁለት ጊዜ አዲስ አበባ ድረስ ወሰደው።»

«የባሰበት ነበር» አልኩና ወደ መስኮቱ ዞርኩ። መስኮቱ በጉም ተሸፍኖ የሚታይ ነገር አልነበረም፤ ግን እያየሁ ቆየሁ።

ቡይት ራስ ስንደርስ ገብስ የጫነ አይሱዙ ከላይ ወርዶ አጠገባችን ቆመ። የትናየት ጆንያዋን እያስወረደች ነው። የአይሱዙው ሾፌር አንገቱን አውጥቶ ምስክርን ጠራው።

«ጨነቅ በሽተኛ አለልህ አሉ። ከኩኮቹ አንዱ ነው። ትናንት ማታ ሊሞትባቸው ነበር። እኔ ቦታ የለኝም።»

«ምን ሆኖ?»

«እኔ እንጃ። ተኝቷል ነው የሚሉት፤ ሲያቃስት አደረ።»

የትናየት ጆንያውን ለቀቀችው። ሽንኩርቱ መንገዱ ላይ ተንከባለለ። ወደ እኔ ቀና ብላ አየችኝ፤ እኔም አየኋት። አንድም ቃል አልተናገርኩም፤ ፊቴ ግን ተናግሮ መሆን አለበት፤ ምክንያቱም ምስክር ሌሎቹ ተሳፋሪዎች እስኪገቡ እንኳ ሳይጠብቅ ሞተሩን አስነሣ። «ሰው ቀረ! ሰው ቀረ!» እያሉ ሁለት ሰዎች ሮጠው ተሳፈሩ።

ከቡይት ራስ እስከ ጨነቅ ያለውን መንገድ አላስታውስም። የማስታውሰው በልቤ ስለት መሳሌን ነው። በሕይወት ላግኘው እንጂ ተመልሶበትም ቢሆን ግድ የለኝም ብዬ ተሳልሁ። ደግሞ ወዲያው ፈራሁ፤ እግዚአብሔር ቃሌን ወስዶ እንዲያው እንዳያደርግብኝ።

ጨነቅ ስደርስ ድንኳኖቹ አካባቢ ሰው አልነበረም፤ ቱሪስቶቹ ወደ ቧሂት ተራራ ወጥተዋል። ብርዱ ጥርስ ያንቀጫቅጫል። ምስክር «እዚሁ ካምፑ ውስጥ ይጠይቁ፤ መንገደኞቹ ይጮሁብኛል» ብሎኝ ሄደ። በመጀመሪያ ያገኘሁት ክፍት ቤት ኩሽናው ነው፤ ገባሁ። በአንድ ወገን እንቁላል፣ የቆርቆሮ ሥጋ፣ ቅቤ የያዘ ሣጥን አለ። በሌላው ወገን ጥግ ላይ አንዲት የጠቆረች ድስትና የሽሮ ከረጢት ለብቻቸው ተቀምጠዋል። ከድስቷ በላይ፣ ምስማር ላይ፣ በጥቁር ክር ታስሮ ማንኪያዬ ተሰቅሏል። እጀታው ላይ አበባ አለው፤ የኔ ነው።

አወረድኩት። ገለበጥኩት። ታችኛው ጎኑ ነጭ ነው። ወደ ብርሃን ወስጄ አየሁት። በጣቴ ፈተግሁት። አሸተትኩት፤ ሽሮ ሽሮ ይላል።

«ተዪው! ኧረ ተዪው አንቺ ሴት!»

ደነገጥኩ። ጋቢ የደረበ፣ ጠመንጃ ያነገተ ሽማግሌ ስካውት፣ የፓርኩ ጠባቂ፣ በሩ ላይ ቆሞ ያፈጥብኛል።

«ቅቤ የነካ እጅ ይሆናል! ያ የጾማችን ነው!»

«እኔም ጿሚ ነኝ።»

«እሱን አንቺ ታውቂያለሽ። እኛ በዚህ ማንኪያ ስንት አይተናል!» ከእጄ ወሰደና በጋቢው ጫፍ ጠርጎ መልሶ ሰቀለው። «ባለፈው ሲወጡ ያ አስጎብኚው ይግዛው ኦምሌት የገለበጠበትን ማንኪያ አምጥቶ ሽሯችን ውስጥ ነከረው። አንዳችንም አልቀመስንም። ሦስት ቀን በሶ በጥብጠን ዋልን። ኩኩ፣ ላቀው የሚሉት ልጅ፣ ይቅርታ አያ ገዱ፣ ሁለተኛ አይደገምም አለኝ። ይኸው አሁን ከቤቱ የጾም ማንኪያ ይዞልን መጣ። ድስቱንም ለብቻ አደረገልን። እንዲህ ያለ ኩክ አይተን አናውቅም።»

አጠገቤ ያለውን ሣጥን ይዤ ተደገፍኩ።

«አያ ገዱ፣ ላቀው ልጄ ነው። የት አለ?»

ሽማግሌው ባርኔጣውን አወለቀ። ሊያረዳኝ መሰለኝ።

«እናቱ ነሽ? አይ፣ አይዞሽ! አለ፣ አለ። ተቃጠለ እንጂ ደኅና ነው።»

ልጄ ተቃጠለ ሲሉኝ ደስ አለኝ። ይህን ስጽፍ አፍራለሁ፤ ግን ደስ አለኝ። «ተቃጠለ ነው ያሉኝ?» ብዬ ደግሜ ጠየቅሁት። «የፓስታው ውኃ ነው፤ ክንዱን ነው» አለኝ። «እሰይ!» አልኩ። አያ ገዱ ዐይኑን ጨፈን ገለጥ አድርጎ አየኝ፤ አእምሮዋን ሳይነካት አይቀርም ብሎ ይሆናል።

ላቀው በስካውቶቹ ቤት ተኝቷል። ቀኝ ክንዱ እስከ ክርኑ በነጭ ፋሻ ተጠቅልሏል። ፊቱ ገርጥቷል፤ ዐይኑ ግን የልጄ ዐይን ነው፤ በዚያ በክፉው ጊዜ እንደነበረው ዐይን አይደለም። በመጀመሪያ ያየሁት ዐይኑን ነው። እንደፈተሽኩበትም አወቀ።

«እማ? ማን ነገረሽ?»

«በሶ...» አልኩና አቆምኩ። ከረጢቱን መሬት ላይ አኖርኩት። ስካውቶቹ ሁለት ሦስት ሆነው ቤቱ ውስጥ ተቀምጠዋል፤ እሱን ለመጠበቅ የቀረው አስጎብኚው ይግዛውም በር ላይ ቆሟል። ሲስተር ጥበብ እንዳታደርጊ ያለችኝ ቦታ ላይ፣ በሰው ፊት ቆሜያለሁ። ለመዋሸት አፌን ከፈትሁ፤ ታይፎይዱ ትዝ አለኝ።

«ማንኪያ ጎደለብኝ» አልኩት።

ላቀው ወዲያው ገባው። ሌሎቹ አልገባቸውም። ይግዛው «ለማንኪያ ነው ከደባርቅ ድረስ?» አለ።

«ገልብጠሽ አየሽው?» አለኝ ላቀው።

«አየሁት።»

«አሸተትሽውም?»

«አሸተትኩት።»

ቅር የሚለው መስሎኝ ነበር። ትንፋሹን በረጅሙ አወጣና፣ «እኔም በአንቺ ቦታ ብሆን እገለብጠው ነበር» አለኝ። «ልነግርሽ ነበር እኮ። ማንኪያ ልውሰድ ብልሽ እስክመለስ እንቅልፍ እንደማይወስድሽ ሳውቅ ጊዜ ዝም ብዬ ያዝኩት።»

«ዝም በማለትህ ተኛሁ መሰለህ?»

አያ ገዱ አንዴ እኔን፣ አንዴ እሱን አየና፣ «እናትህ ያንን ታውቃለች?» አለው።

«እሷማ ከኔ በፊት ነው የምታውቀው።»

ከዚያ የሆነውን ነገሩኝ፤ ሦስቱም አንዱ ካንዱ አፍ እየነጠቁ። ረቡዕ ማታ ፓስታ ሲያጠልል ድስቱ ከቡታጋዙ ላይ ተንሸራቶ ክንዱ ላይ ተገለበጠ። ከቱሪስቶቹ አንዷ ሐኪም ናት። ቀዝቃዛ ውኃ አፍስሳ፣ ቅባት ቀብታ ጠቀለለችለት። ከዚያም ከቦርሳዋ ጠንካራ የሕመም ማስታገሻ አውጥታ ሁለት ፍሬ እጁ ላይ አኖረችለት።

«ስሙን አነበብኩት» አለ ላቀው። «የሄሮይን ዘመድ ነው፤ ያው ቤት ነው። ሞምባሳም በወገቤ ነበር የጀመረኝ። እማ፣ ክንዴ እሳት ነበር። መዳፌ ላይ አድርጌ ብዙ ቆየሁ።»

እኔ ስድስት ማንኪያ እየቆጠርኩ፣ የድሮ ጓደኞቹን ስም እያሰብኩ፣ ዱቄቱ ይጨስበታል ብዬ ቤት ያለውን ፎይል ሁሉ እየሸሸግሁ ከርሜ ነበር። ደግ ሴት በንጹሕ እጇ ታቀርብለታለች ብዬ አንድ ቀን አላሰብኩም።

«አልፈልግም ብሎ መለሰላት» አለ ይግዛው። «እኔ አፈርኩ። ዶክተር ናት እኮ! በነጻ! ዋጠው እንጂ ሰው ፊት አታዋርደኝ ብዬ ጮህኩበት። ከዚያ ቁጭ አለና ለሁላችንም ተናገረ። የሄሮይን ሱስ ነበረብኝ፣ ይሄ ወደዚያ ይመልሰኛል፣ አለ። እኔ የምለው ጠፋኝ።»

«አያ ገዱ ግን አልጠፋቸውም» አለ ላቀው፤ ፈገግ አለ።

«ምን ልበል?» አለ አያ ገዱ። «ሄሮይን ምን እንደሆነ አላውቅ። እንደ ጫት ነው ወይ አልኩት። ይብሳል አለኝ። እንደ አረቄ ነው ወይ አልኩት። ይብሳል አለኝ። እንግዲያው አትዋጠው አልኩት። ሌላ ምን ይባላል?»

«ተኝቼ ሳቃስት ተነሥቼ እንዳልለምናት ፈራሁ» አለ ላቀው። «ያዙኝ አልኳቸው። አያ ገዱ በር ላይ ተኙ።»

«በሩ ላይ አልተኛሁም፤ በሩን ተደገፍኩ እንጂ» አለ ሽማግሌው። «እያቃሰተ ለወጥ ስንት ማንኪያ በርበሬ እንደሚገባ ሲነግረኝ አደረ። እኔ ወጥ አልሠራ!»

ስካውቶቹ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፤ ሳቁ መሃል ላይ ወደ ለቅሶ ተለወጠብኝና ነጠላዬን አፌ ላይ ያዝኩ። ላቀው በግራ እጁ ጉልበቴን ያዘኝ። አንዱ ስካውት በሶዬን ከፍቶ በኩባያ በጥብጦ ሰጠኝ። «ገና ስድስት ሰዓት ነው፤ አልፈታሁም» ስለው፣ «እሱም እውነት» ብሎ ከድኖ አስቀመጠልኝ።

ይግዛው የፓርኩን መኪና ለምኖ ላከልን። ስንወጣ ላቀውን «ክንድህ ሲሽር ቦታህ አለ» አለው። አያ ገዱ ደግሞ እኔን ወደ ጎን ጠርቶ «ማንኪያውን ልትወስጂው ነው?» አለኝ፤ ጾሙ እስኪፈታ እዚያው ይቆይ አልኩት። መረቀኝ።

ደባርቅ ሐኪም ቤት ስንገባ ልጄ ከኔ ቀድሞ ተናገረ። ነርሷን «እህቴ፣ ከመጀመርሽ በፊት አንድ ነገር ልንገርሽ። ከሄሮይን ታክሜያለሁ። ሞርፊንና የሱ ዘመድ የሆነ ነገር ሁሉ እንዳይሰጠኝ ካርዴ ላይ ጻፊልኝ» አላት። እኔ ዐይኔን ወለሉ ላይ ተከልሁ፤ የምታባርረን መስሎኝ ነበር። ነርሷ «ጥሩ አደረግህ፤ ብዙ ሰው አይናገርም» አለችውና ጻፈች። ቁስሉን አጥባ ፓራሲታሞል ሰጠችው። ሲያጥቡት ጥርሱን ነከሰ፤ ላቡ በግንባሩ ወረደ። እንደ ልጅነቱ አንገቱን ይዤ ቆምኩ።

ቤት ስንደርስ የትናየት ደጃፉ ላይ ተቀምጣ ትጠብቀናለች። ከቡይት ራስ ሽንኩርቷን ሳትሸጥ ነው የተመለሰችው። ከኋላዋ የሰፈሩ ሴቶች፣ የደብሩ ቄስ አባ ሀብተ ሚካኤል፣ ሌሎችም ቆመዋል። በሽተኛ መጠየቅ ነው፤ እኔ ከዓመት በላይ የከለከልኩት ነው። ላቀውን ሲያዩ ሁሉም በአንድ አፍ «እግዚአብሔር ይማርህ!» አሉ። ቤቱ ሞላ።

«እጁን ነው?» አለች የትናየት። «ወይ ጉድ! ከዚያ ታይፎይድ በወጉ ሳያገግም!»

ላቀው ወደ እኔ አየ። አልተናገረም። ውሸቱን የተናገርኩት እኔ ስለሆንኩ ለእኔ ተወው።

«የትናየት፣ ታይፎይድ አልነበረም» አልኩ። «ዋሽቼሻለሁ። ሁላችሁንም ዋሽቻችኋለሁ። ኬንያ እያለ ሄሮይን ያዘው። ሁለት ጊዜ የታከመው ለዚያ ነው። ዘጠኝ ወሩ ነው ከተወው።»

ሰዎቹ አንድ በአንድ ነጠላቸውን አስተካክለው ሲወጡ፣ ነገ በገበያ ሲጠቋቆሙ ታየኝ። የትናየት ወገቧን ያዘች።

«ታይፎይድ አለመሆኑንማ እናውቅ ነበር» አለች። «ሁለት ጊዜ አዲስ አበባ የሚያስኬድ ታይፎይድ የት አለ? እኛ እኮ የማይድን ነገር ይዞት ነው እያልን ስናለቅስልሽ ከረምን! ስለት ተስያለሁ እኮ እኔ!»

«ለምን አልጠየቅሽኝም?»

«በር ላይ ቆመሽ ተኝቷል ስትይኝ ገፍቼሽ ልግባ?»

አባ ሀብተ ሚካኤል ላቀው አጠገብ ተቀመጡና ደኅና ክንዱን ያዙት። «ልጄ፣ ምን ይከብድሃል? ቀኑ ነው ሌሊቱ?» አሉት።

«አባ፣ ቀኑ ነው። ሥራ ፈትቼ ስውል።»

«ክንድህ እስኪሽር እንግዲህ እኔ ጋ ዋል። የሰንበቴው ዕቃ ቤት ተዝረክርኳል፤ የሚቆጣጠርልኝ አጥቻለሁ። እጅ አያስፈልገውም፤ ዐይንና አፍ ይበቃዋል።»

«አፍማ አለው!» አለች የትናየት። «ሽሮ እንዴት እንደሚሠራ እኔን ያስተማረኝ እሱ ነው፣ ያውም በአሥራ አምስት ዓመቱ!»

ከዚያ ሁሉም ያወራ ጀመር። አንዷ ስለ ወንድሟ መጠጥ አነሣች፤ እስከ ዛሬ ለማንም እንዳልነገረች ሲያዩአት ታስታውቃለች። አንዷ ለቃጠሎ ማር ይሻላል አለች፤ ሌላዋ የለም ነርሷ ያለችው ይሁን አለቻት። ላቀው በትራስ ተደግፎ መልስ ይሰጣል። ፍዳ ያየ ፊት ነው፤ ቢሆንም ሰው መሃል የተቀመጠ ፊት ነው። እኔ ወጥ እያማሰልኩ ከጓዳ አየዋለሁ። ዳነ ብዬ አልጻፍኩም፤ ሲስተር ጥበብም እንደዚያ አትበይ ብላኛለች። ክንዱ ዛሬም ነገም ያመዋል። የሞምባሳው ልጅ ነገ ሊደውልለት ይችላል። ግን ረቡዕ ጓሮ የተቀመጠብኝ ድንጋይ ከደረቴ ላይ ወርዶ ነበር፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ራበኝ።

ከመሸ በኋላ አንድ በአንድ ወጡ። የትናየት የመጨረሻዋ ነበረች፤ ደጃፉ ድረስ ሄዳ ሁለት ጊዜ ተመለሰች፣ አንዴ ነጠላዋን ረስታ፣ አንዴ ለላቀው «ሽንኩርቴን የምትከፍለኝ አንተ ነህ» ለማለት። ልዘጋ ስነሣ ላቀው ቀድሞኝ ተነሣ።

«ተቀመጪ እማ፣ እኔ እዘጋዋለሁ።»

«በአንድ እጅ?»

«በአንድ እጅ።»

ሌላ ቀን ቢሆን ቁልፉን ነቅዬ ትራሴ ሥር ነበር የማስገባው። ተቀመጥኩ። በግራ እጁ ቁልፉን ሲያዞር ተንሸራተተበት። በትከሻው በሩን ገፋና እንደገና ሞከረ። ልነሣ ብዬ ጉልበቴን ያዝኩ፤ መልሼ ተውኩት። በሦስተኛው ቀጭ አለ። ቁልፉን በሩ ላይ ትቶት መጣ።